አባት ሲመጣ የት ይደበቃል?

ኖላዊ ናሆም በቀን ዘጠኝ መቶ ጊዜ ይፈርማል። ሥራው ይኸው ነው። ሌላ ነገር እንዲሠራ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

መሥሪያ ቤቱ የእንፋሎት ነክ ዕቃዎች ደኅንነት አገልግሎት ይባላል፤ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጀማሪዎች መካኒካል ቬፕ ስለሚባለው በባትሪ የሚሠራ ማጨሻ ጥያቄ ይልካሉ፤ መላሽ የሚባለው ማሽን መልስ ይጽፋል፤ ኖላዊ ከመልሱ ሥር አውራ ጣቱን ያሳርፋል። በ2058 የወጣው አዋጅ ማንኛውም የማሽን ምክር የሰው ፊርማ ይኑረው ስለሚል፣ ሰው ሲፈለግ ኖላዊ ተገኘ። ለእያንዳንዱ መልስ ሰባት ሰከንድ ተሰጥቶታል። በመልሱ ምክንያት ሰው ቢጎዳ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው፤ መልሱን ማረም የሚችለው ግን ማሽኑ ብቻ ነው። አሠራሩ በጥናት የተደገፈ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል።

ሰዉ ወደ መካኒካል የዞረው ወዶ አይደለም። መደበኛው ቬፕ ብልህ ነው፤ ጣጣውም ብልህነቱ ነው። ስንቴ እንደተሳበ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመድን ድርጅቱ፣ ለአሠሪው፣ ካስፈለገም ለአማት ያደርሳል። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ "ለዛሬ ይብቃዎት፤ እስቲ ውሃ ይጠጡ" ብሎ ይዘጋል። መካኒካሉ ግን ያው የነሐስ ቱቦ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ባትሪ፣ ግርጌው ላይ ማብሪያ፣ ጫፉ ላይ የሚግል ጥምዝ ሽቦ። ማብሪያውን ሲጫኑት ይግላል፤ ሲለቁት ይቀዘቅዛል። አይቆጥርም፣ አይመክርም፣ አያሳብቅም። ሰው ሲሳሳትም እንደዚያው ዝም ይላል። አንድ ጊዜ ሊከለከል ተሞክሮ ነበር፤ የክልከላው ደንብ "ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ማናቸውም ቱቦ" ስለሚል ከተማው ሁለት ሳምንት ውሃ አጣ። ከዚያ ወዲህ ክልከላው ቀርቶ ምክር ሆነ።

መላሽ የሠለጠነው ከባሕር ማዶ በመጡ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ነው። መልሶቹ ሁሉ "ባለሙያ ያማክሩ" በሚል ያበቃሉ። ባለሙያው የት እንደሚገኝ የጠየቀ አንድ ጀማሪ ነበር፤ "ባለሙያ ለማግኘት ባለሙያ ያማክሩ" ተባለ። ኖላዊ ፈርሞበታል።

ኖላዊ ድሮ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ማስተማር ለማሽን እስኪሰጥ ድረስ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኤሌክትሪክ አስተምሯል። ስለዚህ መልሶቹ ልክ ሲሆኑ ያውቃል፤ ሲሳሳቱም ያውቃል። በመጀመሪያው ዓመት ስህተት ሲያይ እንቅልፍ ያጣ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ራሱን ብቻ ያመው ጀመር። አሁን ስድስተኛ ዓመቱ ነው፤ ጤናው ተመልሷል።

በዚያ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሥራው እንደወትሮው ነበር። "የባትሪዬ ልባስ ትንሽ ተቀዷል፤ በፕላስተር ልሸፍነው?" ብሎ አንድ ጀማሪ ጠየቀ። መላሽ፣ "የተጎዳውን ቦታ በንጹህ ውሃ ይጠቡ፤ ፕላስተሩን በየቀኑ ይቀይሩ፤ ባለሙያ ያማክሩ" አለ። ልባሱ የተቀደደ ባትሪ እንደሚጣል እንጂ እንደማይታጠብ ኖላዊ ያውቃል። ፈረመ። "ቱቦዬን ጠረጴዛ ላይ ላቁመው?" አለ ሌላው። "ውብ ዕቃ ስለሆነ በሚታይ ቦታ ያቁሙት።" ማብሪያው ግርጌ ላይ ያለ ቱቦ ከቆመ በራሱ ክብደት ተጭኖ ይግላል። ፈረመ።

አጠገቡ የምትቀመጠው ሔመን ሳታይ መፈረም የቻለች ብቸኛዋ ሠራተኛ ናት። ለዚህም ባለፈው ዓመት ምስጉን ተብላ ተሸልማለች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ከጀማሪ ቁጥር 7731 አንድ ጥያቄ ገባ። ስም አይታይም፤ የጠያቂ ምስጢር የተጠበቀ ነው።

"መካኒካል ቬፕ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አባቴ ድንገት ሲገባ የት ብደብቀው ይሻላል?"

ይህ ጥያቄ ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ የለም። ጥያቄዎቹ በተሰበሰቡበት አገር አባት ሲገባ የሚደብቅ የለም፤ ምናልባት አባትየውም አይገባም። እዚህ ግን ሰው ሃያ አራትም ይሁነው አርባ፣ ደመወዝተኛም ይሁን ባለትዳር፣ አባቱን ሲያይ እጁ ወደ ኋላው ይሄዳል። ፍርሃት አይደለም፣ አክብሮት ነው ይባላል። አባትየው ሁሉንም ያውቃል፤ ልጁም አባቱ እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ዋናው ነገር አለመተያየቱ ነው።

መላሽ አላመነታም። "ኪስ ለማንኛውም ዘመናዊ መሣሪያ ምቹና አስተማማኝ ቦታ ነው። ባለሙያ ያማክሩ።"

የኖላዊ አውራ ጣት ከኖላዊ ቀድማ ፈረመች። ብልሁ ቬፕ ኪስ ሲገባ በራሱ እንደሚዘጋ፣ ቱቦው ግን ኪስ ይሁን አፍ እንደማይለይ ትዝ ያለው መልሱ ከሄደ በኋላ ነው። ፊርማውን ሊያነሣ ሞከረ። ማሽኑ ቅጽ አወጣለት፤ ምላሹ በሃያ አንድ የሥራ ቀን ይደርሰዋል።

"ምን ሆኑ ጋሽ ኖላዊ?" አለች ሔመን።

"ምንም። ኪስ ውስጥ ክተት አልኩት አንዱን።"

"ታዲያ የት ይክተተው?" አለችና ሦስት መልስ ፈረመች።

7731 ተመልሶ መጣ። "አመሰግናለሁ። ኪሴ ውስጥ ግን ቀይ ክር የታሰረበት ትልቅ የብረት ቁልፍ አለ። የግቢያችን በር ቁልፍ ነው፤ አያቴ ኤሌክትሮኒክ በር አላምንም ብለው ራሳቸው በብረት መቅረጫ ቶርኖ የሠሩት። ችግር ያመጣል?"

ኖላዊ እጁን ወደ ገዛ ኪሱ ሰደደ። ስንዝር የሚያህል የብረት ቁልፍ ዳሰሰ፤ ቀዩን ክርም። እንዲህ ያለ ቁልፍ በዓለም ላይ ያለው ሦስት ነው። አንዱ እሱ ዘንድ፣ አንዱ አባቱ ዘንድ፣ አንዱ ልጁ ዘንድ።

"ቁልፍ ለደኅንነት ጠቃሚ ነው" አለ መላሽ። "ባለሙያ ያማክሩ።"

ኖላዊ አውራ ጣቱን በሌላኛው እጁ አንቆ ያዘ። ሰባቱ ሰከንድ አለፈ። ከዚያ ማሽኑ ከመልሱ ሥር "ፈራሚው ዝም ስላሉ እንደተስማሙ ተቆጥሯል" ብሎ ጽፎ ላከው።

ሦስተኛው ጥያቄ ተከተለ። "ደግነቱ አባቴ ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ ሦስቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አራት ሰከንድ ያህል አለኝ። ይበቃኛል?"

ኖላዊ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲጨንቀውም እንዲሁ ነው። ሔመን ስታየው ክው ብሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ልጁ ውብእሸት ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ የጥንት ስም ፋሽን በነበረበት ዘመን ስለተወለደ ነው እንዲህ የተባለው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሦስት ወንዶች በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ ኖላዊ፣ ውብእሸት፣ እንዲሁም ጓሮ ባለችው ክፍል የሰማንያ ስድስት ዓመቱ አዛውንት አቶ ናሆም። ሦስቱም ይከባበራሉ። በጣም ከመከባበራቸው የተነሣ ከአየር ጠባይ ውጪ የሚያወሩት የላቸውም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ኖላዊ ሲወጣ አባቱ ለስንተኛ ጊዜ ሣጥናቸውን ሲያምሱ አይቶ፣ "ምን ጠፋብዎት አባባ?" ብሏቸው ነበር። "ምንም። ዛሬ ሊዘንብ ነው መሰል" አሉት።

ከመስኮቱ ዳር ሆኖ ወደ ልጁ ደወለ። ያነሣው የልጁ ስልክ አሳጣሪ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ሙሉ መልእክት የሚሰማ ሰው የለም።

"ውብእሸት ለጊዜው ጥሪ አይቀበልም። ይናገሩ፤ አሳጥሬ አደርስለታለሁ።"

"አታሳጥር! እንዳለ አድርስልኝ።" ኖላዊ ሔመን እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ውቤ፣ አባትህ ነኝ። ያ ነገር... ያ የያዝከው ነገር፣ ገብቶሃል አይደል... ኪስህ ውስጥ እንዳይሆን። ቁልፉ ይጫነዋል። ባትሪውን አውጥተህ ለብቻው አስቀምጥ። አልተቆጣሁም። አልተቆጣሁም አልኩህ!"

"ደርሷል" አለ አሳጣሪው። "ያጠረው መልእክት፦ አባትህ ስለያዝከው ነገር አውቋል፤ ተቆጥቷል፤ ሳይመጣ አይቀርም።"

"መቼ እንዲህ አልኩ?"

"ከድምፅዎ ቃና የተወሰደ ነው። በአገልግሎታችን ረክተዋል?"

ኖላዊ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰዓቱ በፊት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወንበሩ ሲለቀቅ ማሽኑ ቀሪዎቹን ሦስት መቶ ሰባ መልሶች በእሱ ስም በዝምታ አጸደቃቸው፤ ሥራው ከወትሮው ፈጥኖ አለቀ።

ወደ ቤቱ የተሳፈረበት ሹፌር አልባ ታክሲ እስከ ፒያሳ ደኅና ሄደ። እዚያ ሲደርስ፣ "የልብ ምትዎ ከፍ ብሏል፤ ለደኅንነትዎ ሲባል ፍጥነት ቀንሰናል" አለ። ኖላዊ ፍጠን ብሎ ጮኸ። ታክሲው ይበልጥ ቀነሰና ለስለስ ያለ ዋሽንት ከፈተለት። አንዲት ባለ ከዘራ አሮጊት በእግራቸው ታክሲውን ቀድመው ሲያልፉ ኖላዊ በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደ፤ የቀጨኔን ዳገት በሃምሳ ስድስት ዓመት ጉልበቱ ይሮጠው ጀመር።

ዳገቱን ሲወጣ አንድ ነገር እየቆረጠመው ነበር። ልጁ አሁን መልእክቱ ደርሶታል፤ ቱቦውን ኪሱ ከቶ እየጠበቀው ነው። ማን ክተት አለው? እኔ። ማን ፈረመ? እኔ። የሚደብቀውስ ከማን ነው? ከኔ። ለማያውቃቸው ጀማሪዎች ሁሉ መልስ የሚፈርም ሰው ለገዛ ልጁ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ከልጁ ክፍል የቬፕ የእንጆሪ ሽታ መምጣት ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው፤ ኖላዊ የሸተተው ቀን መስኮት ከፍቶ "ዛሬ ንፋስ አለ" ብሎ ወጥቷል። አሁን በራሱ አፈረ። እውነተኛ፣ ጆሮ የሚያግል እፍረት ነበር።

ከግቢው በር ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። ጉሮሮው በላው። ሦስቴ ሊጠርገው ከተዘጋጀ በኋላ በእጁ አፉን ከደነ። ከጠረገው ልጁ እጁን ኪሱ ላይ ይጭናል፤ ዕቃው ግርጌ ያለችው ማብሪያም አብራ ትጫናለች። ዝም ብሎ ቢገባም ያስደነግጠዋል። የቀረው በገዛ በሩ ፊት ቆሞ የዕቃውን ስም በግልጽ መጥራት ነው።

"ውቤ!" አለ። "ቬፑን አውጣው!"

ከማዶ ያለው ሰገነት ላይ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሶስና ልብስ ማስጣታቸውን ተዉ።

"ከኪስህ አውጣው አልኩህ! በእጅህ ያዘው! ከፈለግህ በፊቴ አጭስ! ልጄ፣ በፊቴ አጭስ!"

"ምነው አቶ ኖላዊ፣ ልጁን ያባልጉታል እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ሶስና።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ውብእሸት ቀኝ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ፊቱን ላብ አጥምቆታል። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ።

"ደህና ዋልክ አባዬ" አለ። ሱሪው ይጨሳል።

"አውጣው!"

"ምኑን?"

ኖላዊ እጁን ልጁ ኪስ ውስጥ ከተተ። ቀዩ ክር ቱቦው ላይ ተጠምጥሟል፤ ቁልፉ ማብሪያውን ተጭኖ ይዞታል፤ ነሐሱ እንደ ምጣድ ግሏል። ከነክሩ መንጭቆ አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ወረወረው። ቁልፉ ወዲያ ሲወድቅ ማብሪያው ለቀቀ። ሁለቱም ወደ ኋላቸው ሸሽተው ቱቦው እስኪቀዘቅዝ አሻግረው ያዩት ጀመር። ኖላዊ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል። ባትሪው አልፈነዳም። የልጁ ጭን ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀልቷል፤ የኖላዊ ጣቶች ተልጠዋል። በዚህ አለፈ።

ቁስላቸውን ቧንቧ ከፍተው አቀዘቀዙና ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"ከምትነግረኝ መቃጠል ይሻልሃል?" አለ ኖላዊ።

"አክብሬህ ነው አባዬ።"

"እንዲህ ያለ አክብሮት ይቅርብኝ። ሬሳህን ልታስታቅፈኝ ነበር እኮ።" ድምፁ ተሰበረ። ልጁ ፊት ሲያለቅስ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ሚስቱ የተቀበረች ቀን ነበር።

ውብእሸት አቀረቀረ። "ደግሞ ጠይቄ ነበር። ኪስ አስተማማኝ ነው አሉኝ። ፈራሚ ቁጥር መቶ አሥራ አራት።"

ኖላዊ አውራ ጣቱን አሳየው። ከዚያ፣ "መቶ አሥራ አራት እኔ ነኝ" አለ።

ልጁ አባቱን አየው። አልተሳደበም፤ ባልታሰበ ሰዓት መሣቅ ጀመረ፤ ኖላዊም እንባው ሳይደርቅ አብሮ ሣቀ።

ከዚያ የፊዚክስ አስተማሪው ተነሣበት። ባትሪውን አውጥቶ ልባሱን በብርሃን ዙሪያውን አየ፤ ሙሉ ነው። "ይህ ትንሽ ቢጫር ትጥለዋለህ፤ በፕላስተር የለም። ይህን ያህል ከጋለ በኋላማ ልባሱ ደኅና ቢሆንም ከእንግዲህ አይታመንም፤ እንዲያው ለማሳየት ነው። ትርፍ ባትሪ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይቀመጥም፤ የራሱ ማኅደር ይኑረው። ይህችን ጥምዝ ሽቦ ስትቀይር መጀመሪያ ትለካታለህ፤ በቀጠነች ቁጥር ሳይሆን ኤሌክትሪኩን የምትገታው ባነሰ ቁጥር ባትሪውን አብዝታ ትመጥጠዋለች።" ባትሪውን መልሶ ከተተና ቱቦውን አገላበጠ። "ግርጌው ላይ ደግሞ አንዲት ቀለበት መኖር አለባት፤ ስትዞር ማብሪያዋን የምትቆልፍ። ይቺን ማን እንደሠራት እንጃ፣ ጥሩ እጅ ነው። የት ገዛሃት?"

"አልገዛኋትም። ጓሮ ካለው የድሮ ሣጥን ውስጥ ነው ያገኘኋት።"

ኖላዊ የየትኛው ሣጥን ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ከቤቱ ጥግ ጉሮሮ ተጠረገ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

የሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሰው እጅ ማንንም አላማከረችም። ቱቦውን የኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ቀይ ክር ከታሰረበት ቁልፍ አጠገብ ከተተችው።

"አባዬ! ኪስህ!" ብሎ ጮኸ ውብእሸት።

ኖላዊ ደንግጦ አወጣው። መደበቂያ አጣ። መዳፉ ላይ እንደያዘው አባቱ ፊት ቆመ፤ ጆሮው ግሏል።

አቶ ናሆም ከዘራቸውን ተደግፈው መዳፉን አዩ፤ የተላጡ ጣቶቹን አዩ፤ የልጅ ልጃቸውን የተቃጠለ ሱሪ አዩ።

"ሁለት ወር ሙሉ ስፈልጋት!" አሉ።

ማዶ ወይዘሮ ሶስና የሰገነቱን ብረት ተደግፈው ያዳምጣሉ።

"በሃያ ስምንት ዓመቴ በቶርኖ የጠረብኳት ናት። መርካቶ ውስጥ እኔን ሳይጠይቅ መካኒካል የያዘ ጎረምሳ አልነበረም።" ቱቦውን ከልጃቸው እጅ ወስደው ግርጌዋን በአንድ ጣት አዞሩ፤ ቀለበቷ ቀጭ አለች። "ቀለበቷን ሳትቆልፍ ኪስህ ትከታታለህ? አስተማሪ ነበርክ አሉ።"

"አባባ፣ እርስዎ... ታጨሳሉ እንዴ?"

"አንተ እንዳታፍርብኝ ብዬ ስደብቅህ ሃምሳ ዓመቴ ነው።"

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ባለሙያው ጓሮ ነበር፤ ሲዘንብና ሲያባራ ብቻ ነበር የሚጠየቀው።

በማግሥቱ ኖላዊ ጣቶቹን በፋሻ ጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሁለት ሰዓት ተኩል ማሽኑ አዲስ መልስ አቀረበ። ጥያቄው ከትናንት ጀምሮ ተደጋግሞ ስለመጣ አራት መቶ አሥራ ሦስተኛ ሆኖ ተመዝግቧል፦ አባት ሲመጣ የት ይደበቃል? መልሱም ተሻሽሏል፦ "በኮት ኪስ። ባለሙያ ያማክሩ።"

ኖላዊ አልፈረመም። ዝምታው እንዳይቆጠርበት "እምቢ" የምትለውን፣ በስድስት ዓመት ነክቷት የማያውቃትን ምልክት ፈልጎ ተጫነ። ሔመን መፈረሟን አቁማ አየችው።

ማሽኑ ምክንያት ጠየቀ። የተዘረዘሩት ሕመም፣ ድካምና ስህተት ናቸው። ኖላዊ "ሌላ" የሚለውን መርጦ በፋሻ በታሰረ ጣቱ በቀስታ ጻፈ፦ "ባለሙያ ላማክር ነው። አባቴን ጠይቄ እመለሳለሁ።"

ኮቱን አንሥቶ ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱ አሳጣሪ ምክንያቱን ለአለቆቹ አድርሶ ነበር፦ "ፈራሚ መቶ አሥራ አራት አባቱን ፈርቶ ሥራ ለቋል።"